የአንኮበር ኮረብታ

ሳምንቱን በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የሚያሳልፍ ሰው ለእግሩ ማፍታቻ አንኮበርን ቢመርጥ መልካም ነው። ከተማዪቱ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ለመውጣት የተራራ ልምድ አያሻም፤ እያረፉ ቀስ ብሎ መራመድ ይበቃል። ብርዱ ግን የሚናቅ አይደለምና ጋቢ አይረሳ።

ከላይ ሲደርሱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስለ ምን በዚህ እንደ ተቀመጡ ያለ አስረጂ ይገባል። በስተምሥራቅ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን የሚያራግፈው ከሥር በአልዩ አምባ ገበያ ነበር። ስለዚህ በኮረብታው ላይ ያለ ገዥ ጠላቱንም ቀረጡንም ባንድነት ይጠብቅ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስም በ1833 ዓ.ም. የመጣው በዚሁ የቆላ መንገድ ሲሆን፥ በ1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ውል ተዋውሏል።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአያታቸውን መናገሻ ያዙ፤ በኋላም ወደ እንጦጦ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ።

የጎንደርን ግንብ ያየ ሰው «ይኸው ብቻ ነውን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ በኖራ ከተገነባው የድንጋይ ግድግዳ ጥቂት ቀርቷል እንጂ የእንጨቱ አጥር የለም። ዋናው ምሽግ ግን ገደሉ ነበር፤ እርሱም እንዳለ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ፎቶግራፍ መነሣት፥ ድንጋዩንም ለማስታወሻ መውሰድ ነውር ነው፤ የፈረሰውን የሚተካ ሌላ የለም።