ማን ነይ አላት?

የስልኬን ስክሪን ለማስቀየር ታይዋን ተቀምጫለሁ። ድሬዳዋን ለማያውቅ አንባቢ፣ የኛ ታይዋን አገር አይደለም፤ ልብስም ኤሌክትሮኒክስም የሚሸጥበት ገበያ ነው። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፍቼ ስለ ሁጎ ፕራት አነባለሁ። ኮሚክስ የሚባለውን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ይሠራ የነበረ ጣሊያናዊ ነው፤ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ የፈጠረው እሱ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሁጎ ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ድሬዳዋ ታስሮ ነበር።

"ምንድነው እንዲህ ያፈዘዘህ?" አለኝ ጠጋኙ ልጅ።

"እዚህ ታስራ ስለነበረች ጣሊያናዊት እያነበብኩ ነው።"

ቀና እንኳ አላለም። "አቦ፣ ማን ነይ አላት?"

ሳቅኩ። ጥያቄው ግን መልስ አለው፤ እንዲያውም ከአንድ በላይ።

ሴትየዋ ኤቬሊና ጄኔሮ ትባላለች። ያደገችው ቬኒስ ነው፤ አባቷ በቬኒስ ቀበሌኛ ግጥም ይጽፍ ነበር፣ እሷ ደግሞ ካርታ ዘርግታ ዕጣ ፈንታ ታነብ ነበር ይባላል። ባሏ ሮላንዶ ፕራት ወታደር ነው። እሱ ቀድሞ ኢትዮጵያ ገባ፤ እሷ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1937 (ከዚህ በኋላም በነሱው እቆጥራለሁ) የ10 ዓመት ልጇን ይዛ ተከተለችው። እንግዲህ አንደኛው መልስ፣ ነይ ያላት ባሏ ነው።

ሌላው መልስ ሮም ነው ያለው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የሙሶሊኒ መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ፤ ጣሊያናዊ ሆኖ "ተገዢ" ከሚሏት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ሕጉ እንዲሠራ ነጭ ሚስቶች መምጣት ነበረባቸው። በኛ ሙያ ዲፔንደንሲ የምንለው ነገር አለ፤ ዋናው ፕሮግራም እንዲነሳ ቀድሞ መጫን ያለበት። ኤቬሊና በዕቅዱ ውስጥ ያ ነበረች። እዚሁ አጠገባችን ጨርጨር ላይ የፑልያ ገበሬዎች፣ ወገራ ላይ ደግሞ የሮማኛ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ሊሰፍሩ ታቅዶ ነበር፤ ሁለቱም ብዙም ሳይራመዱ ቀሩ። አርበኛው መቼ ያስተኛቸውና!

ኤቬሊና ሕጉን አላረቀቀችም። የመጣችበት ዓመት ግን የየካቲት 12 ጭፍጨፋ የተፈጸመበት ዓመት ነው። በዚያው የካቲት ጣሊያኖች ደጃዝማች በየነ መርዕድን ገደሉ። ባለቤታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ከልጆቻቸው ጋር ተይዘው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፤ መጀመሪያ አሲናራ ደሴት ታሰሩ። በ1940 ቱሪን ላይ አረፉ፣ እዚያው ተቀበሩ። ከወንዶች ልጆቻቸው በሕይወት የተመለሱት ሁለት ብቻ ናቸው።

አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ፣ ልዕልቷን "እርሳቸው" ኤቬሊናን "እሷ" እያልኩ ነው። ድሬ ውስጥ ሽማግሌውም አንተ፣ አሮጊቷም አንቺ ናት፤ እዚህ ጋ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሁለቱንም አንድ አድርጌ ጽፌ አየሁት፣ መልሼ አጠፋሁት።

መጋቢት 1941 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ለእንግሊዝ ሆነው ድሬዳዋ ገቡ። ያኔ ነገሩ ተገለበጠ። ሮላንዶ ተማረከ፤ በ1942 መጨረሻ ገደማ በምርኮ እንዳለ በበሽታ ሞተ። ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው የቅኝ ግዛት ፖሊስ ዩኒፎርም ለብሶ ነበር። በዚያ ዕድሜ! እናትና ልጅ ድሬዳዋ ካምፕ ገቡ፤ ሁጎ እዚያ ሆኖ ከጠባቂዎቹ ኮሚክስ ይገዛ ነበር። በ1943 በቀይ መስቀል በኩል ወደ ጣሊያን ተመለሱ።

ሲቪል ጣሊያኖችን የሚያመላልሱት አራት ነጭ የተቀቡ መርከቦች ነበሩ፤ ሳቱርኒያ፣ ቩልካኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ዱዊሊዮ። ከበርበራ ይጭኑ ነበር። በስዊዝ ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው ነበር የሚሄዱት፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ሴትና ሕፃን። በ3 ዙር 28 ሺህ ገደማ ሰው ወሰዱ። ማን ነይ አላቸው ማለት ይቻላል፣ እኔም እላለሁ፤ ሕፃናቱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። የልዕልቷንም ልጆች እንደዚያው።

ሁጎ አድጎ ይህንን በረሃ ደጋግሞ ሣለው፤ "የበረሃ ጊንጦች" የሚለው ሥራው በዚያው ጦርነት ላይ ነው። እናቱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጥቂት መስመር ይዛ ቀርታለች።

ይህን ሁሉ ለጠጋኙ ነገርኩት። ስክሪኑን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ዝም ብሎ ሰማኝ። ስለ ልዕልት ሮማነወርቅ ስነግረው ብቻ እጁን አቆመ። ከዚያ ስልኩን አብርቶ ሰጠኝና፣

"ልጅየው ግን እስር ቤት ሆኖ በምን ብር ነበር የሚገዛው?" አለ።