የክልል ቴሌቪዥን ዜና፦ የኤዲቶሪያል ቅድሚያ እና የወደፊት አቅጣጫ በሁሩሙና በኢሉ አባ ቦር ማሳያነት

ይህ ጽሑፍ የክልል ቴሌቪዥን ዜና ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ፣ በየትኞቹ ሕጎች እንደሚመራ፣ የዜና ቅድሚያ አሰጣጥ በወረዳ ነዋሪዎች ላይ ምን ውጤት እንደሚያስከትል እና አገልግሎቱ ወደፊት ሊከተለው የሚገባውን አቅጣጫ ያብራራል። በማሳያነት የተወሰደው በኦሮሚያ ክልል፣ በኢሉ አባ ቦር ዞን፣ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የሁሩሙ አካባቢ ነው። አካባቢው በቡናና በደን ሀብቱ አገራዊ ጠቀሜታ ያለው ሲሆን፣ በሌላ በኩል ከአዲስ አበባም ሆነ ከአዳማ የዜና ክፍሎች የራቀ በመሆኑ የክልል ዜና ጥያቄዎችን ገልጦ ለማሳየት ያመቻል።

ታሪካዊ ዳራ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገልግሎቱ በዋናነት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ነበር። ለአገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል የመረጃ ምንጭ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሬዲዮ ሲሆን፣ በመቱ የተተከለው የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ በ684 ኪሎ ኸርዝ የኢትዮጵያ ሬዲዮን ድምፅ ለኢሉባቦርና ለአጎራባች አካባቢዎች ሲያደርስ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ማሠራጫው በመቱ ቢተከልም የሚተላለፈው ዜና በአብዛኛው የሚዘጋጀው በአዲስ አበባ ነበር። ማሠራጫ በአካባቢው መኖሩ የአካባቢው ጉዳይ ዜና ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ያሳያል።

የፌዴራል ሥርዓቱ ከተመሠረተ በኋላ ክልሎች የራሳቸውን መገናኛ ብዙኃን ማቋቋም ጀመሩ። በአማራ ክልል በ1987 ዓ.ም. በበኩር ጋዜጣ የተጀመረው ሥራ ዛሬ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ወደሚባለው ተቋም አድጓል። በኦሮሚያ ክልል ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት መቀመጫውን በአዳማ አድርጎ ሥራ ከጀመረ በኋላ በሂደት የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ሆኗል። ተቋሙ ከአፋን ኦሮሞ በተጨማሪ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ያሠራጫል። በዚህም የሁሩሙ ነዋሪ ዜናን በአፍ መፍቻ ቋንቋው በቴሌቪዥን የመከታተል ዕድል አግኝቷል። የቋንቋ ተደራሽነት ከክልል መገናኛ ብዙኃን ስኬቶች መካከል ቀዳሚው መሆኑ አያጠያይቅም። ቀጣዩ ጥያቄ በዚያ ቋንቋ የሚነገረው ስለምንና ስለማን ነው የሚለው ይሆናል።

የሕግ ማዕቀፍ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የአመለካከትና ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን የደነገገ ሲሆን፣ በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። አንቀጽ 5 በበኩሉ ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ይደነግጋል።

የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 አገልግሎቱን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ በማለት የከፈለ ሲሆን፣ የሕዝብ ብሮድካስት አገልግሎት ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም ለክልል ምክር ቤቶች እንደሆነ አመልክቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ ዘርፉን የሚቆጣጠረውን የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን እንደገና አቋቁሟል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች አንድ መሠረታዊ ቁም ነገር ይወሰዳል። ተጠሪነቱ ሕዝብ ለመረጠው ምክር ቤት የሆነ ጣቢያ የሚያገለግለው ሕዝቡን እንጂ አስፈጻሚውን አካል ብቻ አይደለም።

የኤዲቶሪያል ቅድሚያ ምንድን ነው?

የኤዲቶሪያል ቅድሚያ አንድ የዜና ክፍል በየዕለቱ ከሚደርሱት ጉዳዮች መካከል የትኛውን እንደሚዘግብ፣ የትኛውን በአርዕስተ ዜና እንደሚያስቀድም፣ ዘጋቢና የካሜራ ባለሙያ ወዴት እንደሚልክ እና ለእያንዳንዱ ዘገባ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ የሚወስንበት መመዘኛ ነው። መመዘኛው በጽሑፍ በሰፈረ ኤዲቶሪያል ፖሊሲ ይመራል ቢባልም፣ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚወሰነው መኪና፣ ካሜራና አበል ለየትኛው ሥራ እንደተመደበ ነው።

በኢትዮጵያ የሕዝብ መገናኛ ብዙኃን ለረጅም ዓመታት በልማታዊ ጋዜጠኝነት አስተሳሰብ ሲመሩ ቆይተዋል። አስተሳሰቡ የግብርናን፣ የጤናንና የትምህርትን ሥራዎች ወደ ዜና ማምጣቱ በጎ ጎኑ ነው። በሌላ በኩል የምክክር መድረክ፣ የሥልጠና መክፈቻ፣ የመስክ ጉብኝትና የምረቃ ሥነ ሥርዓት የዜናውን ሰፊ ክፍል እንዲይዙ ምክንያት ሆኗል። እነዚህን ለመዘገብ ይቀላል፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ጋባዡ አካል መጓጓዣ ያዘጋጃል፣ ተናጋሪውም ተለይቶ ይቀርባል። ውጤቱ ግን ዜናው መድረኩ መካሄዱን ነግሮ፣ በመድረኩ የተወሰነው ነገር በነዋሪው ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ ሳይነግር ማለፉ ነው።

የሥርጭት ዘዴው ራሱ ቅድሚያን ይወስናል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው አገልግሎት አማካይነት በኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ሲሰባሰቡ፣ በየከተማው ያሉ ተመልካቾች ዲሻቸውን ወደዚያው አዙረዋል። ሳተላይት በተራራና በደን የተከበቡ እንደ ሁሩሙ ያሉ አካባቢዎችን ያለ ልዩነት የሚያዳርስ በመሆኑ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን አንድ ቻናል ለሁሉም አካባቢ የሚያደርሰው አንድ ዓይነት ሥርጭት ነው። የቦረናና የኢሉ አባ ቦር ተመልካች በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ዜና ያያሉ። የኦሮሚያ ክልል ከሃያ በላይ ዞኖች ያሉት በመሆኑ፣ የግማሽ ሰዓት የዜና ዕወጃ አሥራ አምስት ዘገባዎችን ይይዛል ብንል እንኳ ለአንድ ዞን በቀን አንድ ዘገባ አይደርሰውም። አንድ ወረዳማ ለሳምንታት ላይነሳ ይችላል። ስለሆነም ያችን ጥቂት ጊዜ የሚሞላው ጉዳይ ምርጫ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የሁሩሙ አካባቢ ጉዳዮች በማሳያነት

በአካባቢው ለዜና ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ከሦስት አቅጣጫ መመልከት ይቻላል።

የመጀመሪያው የደን ጉዳይ ነው። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። አጠቃላይ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሲሆን፣ ሁሩሙ ይህን ክልል ከሚጋሩት ወረዳዎች አንዱ ነው። ክልሉ ጥብቅ ቀጣና፣ ከለላ ቀጣናና የሽግግር ቀጣና ተብሎ የተከፈለ በመሆኑ የአንድ አርሶ አደር ማሳ የሚገኝበት ቀጣና በደኑ ውስጥ ሊሠራ የሚችለውንና የማይችለውን ይወስናል። የምዝገባው ዜና ተነግሮ አልፏል። አርሶ አደሩ በየዓመቱ የሚያስፈልገው ግን የቀጣናው ወሰን የቱ ጋ እንደሚያርፍ፣ ከጥበቃው ምን ጥቅም እንደሚያገኝ እና ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርብ የሚገልጽ ዘገባ ነው።

ሁለተኛው የቡና ግብይት ነው። ቡና አምራቹ እሸት ቡናውን ወዲያውኑ ለመሸጥ ወይም አድርቆ በጀንፈል ለማቆየት በሚወስንበት ወቅት ዋጋን የሚመለከት አስተማማኝ መረጃ ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለአካባቢው ቅርብ በሆነችው በደሌ የቡና መረከቢያ አለው። በመኸር ወራት የዕለቱን ዋጋ በአፋን ኦሮሞ ከዜናው ጋር አያይዞ ማቅረብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን በቀጥታ የቤተሰብን ገቢ የሚነካ አገልግሎት ነው።

ሦስተኛው የፕሮጀክቶች ክትትል ነው። በያዮ አካባቢ የድንጋይ ከሰልን መሠረት ያደረገ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ መቋረጡ ይታወቃል። ፕሮጀክቱ ሲጀመር በዜና ሰፊ ሽፋን አግኝቷል። የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ካሜራ ከተላከ፣ ሥራው ሲዘገይ፣ ሲቆም ወይም መሬታቸውን የለቀቁ ሰዎች ጥያቄ ሲያነሱም ካሜራ መላክ ይገባል። ክትትል የሌለው ዜና ነዋሪው በቀጣዩ ዜና ላይም እምነት እንዲያጣ ያደርጋል። እምነት የታጣበትን ክፍተት ደግሞ ምንጩ ያልተረጋገጠ የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ይሞላዋል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣ ቢሆንም፣ ሕጉ ብቻውን ፈጣንና እውነተኛ የአካባቢ ዜናን ሊተካ አይችልም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው አርድ የተለያዩ ግዛቶች ጣቢያዎች ኅብረት ሲሆን፣ አገር አቀፍ ዕለታዊ ዜናው የሚዘጋጀው ከዋና ከተማዋ ከበርሊን ሳይሆን በሐምቡርግ በሚገኘው የሰሜን ጀርመን ጣቢያ ነው። በፈረንሳይ ፍራንስ 3 የተባለው የሕዝብ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2023 የራሱን አገር አቀፍ የምሽት ዜና አስቀርቶ ሰዓቱን በየክልሉ ለሚዘጋጁ ዜናዎች ሰጥቷል። ሁለቱም አገሮች ከኢትዮጵያ የላቀ የገንዘብ አቅም ያላቸው ቢሆንም ልምዳቸው አንድ ነገር ያሳያል። የአካባቢ ዜና ራሱን የቻለ የአየር ሰዓትና ራሱን የቻለ አዘጋጅ ሲኖረው ከማዕከል በሚተርፍ ደቂቃ ላይ ከመንጠልጠል ይድናል።

የወደፊት አቅጣጫ

አናሎግ ቴሌቪዥንን በዲጂታል ለመተካት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው የጊዜ ገደብ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ዲጂታል የምድር ሥርጭት ሲስፋፋ በአንድ ማሠራጫ ብዙ ፕሮግራሞችን ማስተላለፍ ስለሚቻል፣ ለዞኖች የተለየ የዜና ሰዓት መስጠት በቴክኒክ ረገድ ይቀላል። እስከዚያው ድረስ ግን የሚከተሉት እርምጃዎች አዲስ ማሠራጫ ሳይጠብቁ ሊወሰዱ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ የዞኖች ስብስብ በሳምንት ቋሚ የዜና ሰዓት መመደብ፤ ለምሳሌ ለኢሉ አባ ቦር፣ ለቡኖ በደሌና ለጅማ የጋራ ሰዓት መስጠት። ሁለተኛ፣ ስለ ስብሰባ የሚቀርብ ዘገባ በስብሰባው የተላለፈውን ውሳኔ፣ ፈጻሚውን አካልና የጊዜ ገደቡን ሳይገልጽ እንዳይተላለፍ በኤዲቶሪያል ፖሊሲ መደንገግ። ሦስተኛ፣ የተጀመሩ ፕሮጀክቶችን መዝግቦ በየስድስት ወሩ ያሉበትን ደረጃ መዘገብ። አራተኛ፣ በእያንዳንዱ የልማት ዘገባ ከኃላፊው ቃል ጎን ለጎን ጉዳዩ የሚመለከተው ነዋሪ ቃል እንዲካተት ማድረግ። አምስተኛ፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ከሚገኘው የመቱ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በወረዳ ደረጃ የሚኖሩ ዘጋቢዎችን ማሠልጠን። በወረዳው የሚኖር ዘጋቢ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚልከው አጭር ዘገባ፣ ከአዳማ ተነሥቶ ለአንድ ቀን ጎብኝቶ ከሚመለስ ቡድን ዘገባ የበለጠ ክትትል ሊኖረው ይችላል።

የዜጎች መብት

የወረዳ ነዋሪዎች የዜና ተቀባይ ብቻ አይደሉም። በብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት ያለው ሲሆን፣ የተጠየቀው አካል በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጠበቅበታል። ምላሽ የተነፈገ ሰው አቤቱታውን ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። በተላለፈ ዘገባ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በቅድሚያ ለጣቢያው፣ በመቀጠልም ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል። የተጀመረ መንገድ፣ የውኃ መስመር ወይም የጤና ጣቢያ ግንባታ የደረሰበትን ደረጃ ማወቅ የሚፈልጉ ነዋሪዎች የጽሑፍ ጥያቄያቸውን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አቅርበው፣ ያገኙትን ምላሽ ለጣቢያው የዜና ክፍል ቢያደርሱ ዘጋቢው ሥራውን ከተጨባጭ ሰነድ ይጀምራል።