ባቡሩ የዞራት ከተማ

የባቡር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ሐዲዱ ስለ ደረሰባቸው ከተሞች ነው። ሐዲዱ ጥሏቸው ያለፈውን ከተሞች የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ ግን ወደ ሐረር ጀጎል በሄድሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ ይኸው ሁለተኛው ታሪክ ነው። ሐረር ዛሬ ያላትን መልክ ይዛ የቆየችው አሚሮቿ ባጠሩላት ግንብ ብቻ ሳይሆን፣ ባቡሩ ወደ እርሷ ባለመምጣቱም ጭምር ይመስለኛልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው መሥመር ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ሐረር ያን ጊዜ የምሥራቁ ንግድ እምብርት ነበረች፤ ቡናውም፣ ቆዳውም፣ የዝሆን ጥርሱም በግመል ተጭኖ ወደ ባሕር የሚወርደው ከእርሷ ነው። ዳሩ ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና፣ ሐዲዱን በዚያ ዳገት ማውጣት ለኩባንያው ከባድም ውድም ሆነበት። ስለዚህ መሥመሩ በተራራው ግርጌ ባለው ቆላ አለፈና በ1902 መጨረሻ አንድ ሜዳ ላይ ደረሰ። ሜዳውም «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት።

ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሐረር ከመሥመሩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራዋ ላይ ቀረች። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ቢሆን ያንኑ ቆላ ተከትሎ አለፈ። እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ፣ በባቡር የመጣ መንገደኛ ሐረርን ለማየት ከፈለገ ወርዶ፣ መኪና ይዞ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት ግዴታው ሆኗል።

ለእንደዚያች ያለች ከተማ ይህ ቀላል ዕጣ አልነበረም። ሐረር ከ1647 ጀምሮ በራሷ አሚሮች የተዳደረች፣ የራሷን ገንዘብ ያሳተመች ከተማ ናት። ግንቧን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው። በጥር 1855 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ደርሶ 10 ቀን ሲቆይ፣ ለአውሮጳ ሰው የተከለከለች ከተማ ገባሁ ብሎ ለዓለም ጻፈ። ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ያዟት። በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ገቡ፤ ግዛቱም ለራስ መኮንን ተሰጠ። ይህን ሁሉ ያሳለፈችን ከተማ፣ ከተራራ ሥር የተዘረጋ አንድ ሐዲድ ነጋዴዋንና መጋዘኗን ቀስ በቀስ ወደ ቆላ ወሰደባት።

ታዲያ የቀረላት ምንድን ነው? አንባቢ ሆይ፣ የቀረላትን ለማወቅ ጀጎል ውስጥ ሆን ብሎ መንገድ መሳት ያስፈልጋል። ለመኪና የተከፈተው ሰፊ ጎዳና ቀጥታ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። በዚያ ብቻ የሄደ ሰው አንድ አደባባይና አንድ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ይመለሳል። ከአደባባዩ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደውን መንገድ የያዘ ግን መኪና ግርግር ይደርሳል። ይህ በሩ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ሰው የሞላበት፣ ስሙንም ከመኪናዎቹ ድምፅ ያገኘ ሰፈር ነው። ከዚያም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ታጥፎ ከሐረሪዎቹ «ኡጋ» ወደ አንዱ መግባት ነው። አስጎብኚዎች «የእርቅ መንገድ» የሚሏት አለች፤ እጅግ ከመጥበቧ የተነሣ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ቢገናኙባት ሳይተሻሹ ማለፍ አይችሉም።

ዩኔስኮ በ2006 ሐረርን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በ48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮችና አድባራት እንዳሉ ጠቅሷል። ይህን ያህል ነገር በዚያች ጠባብ ስፍራ ውስጥ የተሸሸገው መንገዱ ስለተጠማዘዘ ነው። በየመታጠፊያው አንድ ነጭ መስጊድ ወይም አንድ ጥንታዊ ዛፍ ድንገት ብቅ ይላል።

በሮቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ከአንድ በላይ ስም አላቸው። ሐረሪው አሱም በሪ የሚለውን ሌላው ፈላና በር ይለዋል፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ በድሮ በሪ ቡዳ በር፣ አስመዲን በሪ ሸዋ በር ነው። ስሞቹን ብቻ ያዳመጠ ሰው ከማን ጋር ይነገድ እንደነበር ይገነዘባል። አርጎብ በሪ አርጎባዎችን ያስታውሳል። እነርሱን ለማየት ደግሞ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከኤረር ሸለቆ በላይ ባለ ገደል ጫፍ ላይ የተሠራችውን የኮረሚን መንደር መጎብኘት ነው። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፤ ጎብኚዋ ግን ጥቂት ነው።

የጎብኚውን መንገድ ቀጥ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ የአርቱር ራምቦ ስም ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ በ1880 ሐረር መጥቶ በንግድ ሠርቷል፤ በ1891 ማርሴይ ውስጥ ሞቷል። ዛሬ «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ውብ የእንጨት ቤት ግን እርሱ ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቤቱ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ራምቦ ያልኖረበትን ቤት አይቶ፣ ማታ ጅብ ሲበላ ተመልክቶ የሚመለስ ሰው ሐረሪዎቹ የኖሩበትን ቤት ሳያይ መሄዱ ነው። ጌ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲታይ ተራ ግድግዳ ነው። ውስጡ ግን ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ለእኔ ውበት የሆነኝ የባቡሩ አለመምጣት፣ ለሐረር ሰው የገበያ ማጣትና ልጆችን ወደ ሌላ አገር የመሸኘት ታሪክ ነው። የእርሱን ኪሳራ የእኛ መዝናኛ አድርገን ብቻ ብናወድሰው ፍርደ ገምድልነት ይሆንብናል። አሮጌ ቤት ማደስ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ጭቃውን በሲሚንቶ፣ የተጠረበውን የእንጨት በር በብረት መተካት ለባለቤቱ ይቀለዋል። ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

እንግዲህ መንገደኛው የሚከፍለው ዕዳ አለበት። ዕዳውም ከባድ አይደለም፤ በሁለት ሰዓት ጎብኝቶ ከመመለስ ይልቅ፣ ለእንግዳ ከተከፈቱት የቤተሰብ ቤቶች በአንዱ ማደር፣ የሚገዛውን ከጠባቡ መንገድ ሱቅ መግዛት፣ የቤቱን ታሪክ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ባቡሩ ሐረርን የዞራት ሒሳቡን አስልቶ ነው። ዛሬ ደንገጎን ወጥቶ የሚመጣ እንግዳ ሌላ ሒሳብ ሊያሳያት ይችላል፤ አሮጌው ቤት ከተሸጠው ይልቅ የቆመው ለባለቤቱ የሚያተርፍበትን።