ቋሚ ቅጥር ወይስ የኮንትራት ሥራ? በካሊፎርኒያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በአካባቢያቸው፣ ሶፍትዌር ባለሙያውም አሽከርካሪውም በቋሚ ቅጥርና በኮንትራት ሥራ መካከል መምረጥ ይገጥማቸዋል። የኮንትራት ሥራ የሰዓት ክፍያ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን ክፍያዎች እንዳሉ ማወዳደር ያሳስታል፤ አሠሪ ለተቀጣሪው የሚሸፍናቸው ወጪዎች በኮንትራት ሠራተኛው ትከሻ ላይ ይወድቃሉና።

ግብር

ደብሊው-2 የተሰኘው ቅጽ የሚሰጠው ተቀጣሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከደመወዙ 7.65 በመቶ ይቆረጥበታል፤ አሠሪውም ተመሳሳይ መጠን ይከፍላል። የ1099 ቅጽ የሚደርሰው ኮንትራክተር ግን የሁለቱንም ድርሻ፣ ማለትም 15.3 በመቶውን፣ ራሱ ይሸፍናል። ለምሳሌ በዓመት 100 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ተቀጣሪ 7,650 ዶላር ሲከፍል፣ ያንኑ ያህል የተጣራ ገቢ ያለው ኮንትራክተር ወደ 14,130 ዶላር ይከፍላል። የገቢ ግብሩንም በዓመት አራት ጊዜ እየገመተ ማስገባት አለበት። በሌላ በኩል ለሥራው ያወጣቸውን ወጪዎች ከገቢው መቀነስ ይችላል።

ዋስትና

የሥራ አጥነት መድን፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የተቀጣሪ መብቶች ናቸው። ከጥር 2024 ጀምሮ ተቀጣሪ በዓመት ቢያንስ 40 ሰዓት ወይም አምስት ቀን የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ኮንትራክተር እነዚህ የሉትም፤ የጤና መድንም ራሱ መግዛት ይኖርበታል።

ወሳኙ የውሉ ስም አይደለም

የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በዳይናሜክስ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔና በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ኤቢ 5 ሕግ፣ አሠሪው ሦስት ነጥቦችን ካላስረዳ ሠራተኛው ተቀጣሪ እንደሆነ ይቆጠራል ይላሉ፦

• ሠራተኛው በሥራው ክንውን ከአሠሪው ቁጥጥር ነጻ መሆኑን፣
• ሥራው ከድርጅቱ መደበኛ ተግባር ውጭ መሆኑን፣
• ሠራተኛው በዚያው ሙያ የራሱን ሥራ አቋቁሞ የሚሠራ መሆኑን።

ከዚህ መለኪያ ውጭ የተደረጉ ሙያዎች አሉ። እንደ ኡበርና ሊፍት ባሉ መተግበሪያዎች የሚሠሩ አሽከርካሪዎችም ኅዳር 2020 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ፕሮፖዚሽን 22 መሠረት ኮንትራክተሮች ናቸው። ሕጉ ከዝቅተኛው ደመወዝ 120 በመቶ የሚሆን ክፍያ ቢያረጋግጥላቸውም፣ የሚታሰበው ጥሪ ተቀብለው በሚሠሩበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ደንበኛ የሚጠብቁበት ሰዓት አይቆጠርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሐምሌ 2024 ሕጉን አጽንቶታል።

ከመፈረም በፊት

ቪዛ፦ የኤች-1ቢ ቪዛ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ባለቪዛው በጎን በግሉ ኮንትራት ቢሠራ ሕጋዊ ቆይታውን አደጋ ላይ ይጥላል።

ጡረታ፦ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ፣ ማለትም የአሥር ዓመት ያህል ሥራ ያስፈልጋል። ኮንትራክተር ያላሳወቀው ገቢ አይቆጠርለትም፤ ዛሬ የተሸሸገ ገቢ የነገን ጡረታ ይቀንሳል።

ውል፦ ከጥር 2025 ወዲህ በግላቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎች 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሥራ በጽሑፍ ውል መደገፍ አለበት። ውሉ የክፍያ ቀን ካልጠቀሰ፣ ክፍያው ሥራው ካለቀ በ30 ቀናት ውስጥ መፈጸም ይኖርበታል።

ኮንትራክተር ተብሎ እንደ ተቀጣሪ የሚታዘዝ ሰው ለካሊፎርኒያ የሠራተኛ ኮሚሽነር አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በኦክላንድም በሳን ሆዜም ቢሮ አለው፤ የአመልካቹ የኢሚግሬሽን ሁኔታም አቤቱታውን አያግደውም።