ላዳና የፒያሳ ዳገት

የስፖርት መኪና አፍቃሪዎች የመነሻ ጉልበት ሲያምራቸው የዲፈረንሻሉን ጥርስ ያስለውጣሉ። እኛ የአራዳ ልጆች ይህን ሚስጥር በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ እናውቀዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት የጀመረችው ላዳ 2101 የጣሊያኑ ፊያት 124 ልጅ ናት። ሞተሯ 1200 ብቻ ስለሆነ ዲፈረንሻሏ 43 በ10 ጥርስ ሆነ፤ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.3 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ሞተሯ የጎለበተው 2103 ግን 41 በ10 በቃት። የ2101ን ዲፈረንሻል ብንገጥምላት ጉልበቷ 5 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሜዳ ላይ ግን ሞተሯ ይጮኻል፣ ቤንዚንም ትጠጣለች።

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ለሚወጣ ባለታክሲ ከፍጥነት ጉልበት ይበልጥበታል። «ካምቢዮ» እና «ፒያሳ» ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። የሰፈሩን ታሪክ ስንጽፍ ታዲያ ሕንፃ ብቻ አንቁጠር፤ ዳገቱን የወጣችውን ላዳና የጋራዡን ቋንቋም እንመዝግብ።