ቲቸር፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መማር አልችልም?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ከክፍል ስወጣ ጠብቃ አስቆመችኝ። «ቲቸር፣ የጅማው አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ። ታዲያ የካፋው ጋኪ ሸሮቾ ያንን እያየ በ1889 ለምን ተዋጋ?» አለችኝ። ጥያቄው ከመማሪያ መጽሐፋችን እንዳልመጣ ገባኝ። የት እንዳነበበች ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚማሩት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል ነው። ከቴሌግራም አውርዳ ግማሹን ጨርሳዋለች!

ቀጥላ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው፣ በባጃጅ እንደርሳለን። ይህቺን አንድ ኮርስ ብቻ ገብቼ መማር አልችልም?» አለችኝ።

«አይቻልም» አልኳት። ቶሎ ነው ያልኩት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፤ ምክንያቱም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ ጊዜ ኮሌጅና ሁለተኛ ደረጃ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የጅማ ግብርና ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው መመሥረቱን ነው። የግብርናው ወገን ሥር ግን ወደ 1945 ዓ.ም. ይመለሳል። በ1944 የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት «ፖይንት ፎር» በሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም ተዋዋሉ፤ ኦክላሆማ ያለው የግብርና ኮሌጅ (በኋላ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባለው) ደግሞ ለኢትዮጵያ የግብርና ኮሌጅ እንዲያቋቁም ኃላፊነቱን ወሰደ። ለኮሌጁ የተመረጠው ቦታ ሐረርጌ፣ አለማያ ነበር። ሕንፃ በአንድ ቀን አይቆምም። በዚህ መሐል ጅማ ላይ የእርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሁለተኛ ደረጃ ማለት ነው። አለማያ እስኪደርስ ድረስ የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት እዚሁ ጅማ ነው። በ1949 ዓ.ም. ወደ አለማያ ሄዱ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም የመጀመሪያ ክፍሎቹ ጅማ ነበሩ ብላችሁ ለሐረር ልጅ ብትነግሩት ይከራከራችኋል። ግን እንደዚያ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። የሁለተኛ ደረጃው ልጅ ከኮሌጁ ተማሪ ጋር በአንድ ግቢ ውሎ ያድራል። ኮሌጅ ምን እንደሆነ በአጥር ቀዳዳ አይገምትም፣ በዓይኑ ያየዋል። ከጅማው ትምህርት ቤት ጨርሰው ወደ አለማያ የቀጠሉ ብዙ ናቸው።

አዲስ አበባም ተመሳሳይ ነገር ነበረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ሥር የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት የሚባል ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዞቹ ተመርጠው ይመጡና ሁለተኛ ደረጃን ዩኒቨርሲቲው እቅፍ ውስጥ ሆነው ይጨርሱ ነበር።

ከዚያ የኛ ዘመን መጣ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ 11ኛና 12ኛን መሰናዶ አደረጋቸው። በ1996 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ፍሬሽማን ቀረና ዲግሪው ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ፤ የአንደኛ ዓመቱ ትምህርት መሰናዶ ላይ ያልቃል ተባለ። በወረቀት ላይ ስታዩት አገሪቱ በሙሉ ኮሌጅን ሁለተኛ ደረጃ ላይ መማር ጀመረች ማለት ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ የኮርሱ ስም ወረደ እንጂ ላቦራቶሪው፣ ቤተ መጻሕፍቱና የዩኒቨርሲቲው መምህር አብረውት አልወረዱም። ከጎማ ገጠር መጥቶ ሄርማታ ቤት ተከራይቶ መሰናዶ የተማረ ጓደኛዬ ማይክሮስኮፕ መጀመሪያ የነካው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። ዛሬም ሲያወራው ይስቃል።

እኔማ መሰናዶም አልገባሁም። የ10ኛ ክፍል ውጤቴ ለጥቂት ጎደለና በ10+3 ወደ መምህራን ኮሌጅ ሄድኩ፣ በ17 ዓመቴ። ስለዚህ ልብ በሉ፣ እኔም በሁለተኛ ደረጃ ዕድሜዬ ኮሌጅ የተማርኩ ሰው ነኝ! ልዩነቱ የሚኒሶታው ልጅ ተጨምሮለት ነው፣ እኔ ተቀንሶብኝ። ሚኒሶታን ያነሳሁት የአክስቴ ልጅ እዚያ ስለሆነች ነው። በዚያ ግዛት ከእነሱ አቆጣጠር 1985 ጀምሮ ሕግ አለ፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብቁ ከሆነ ኮሌጅ ገብቶ ይማራል፣ ክፍያውን መንግሥት ይችላል፣ ኮርሱ ለሁለቱም ይቆጠርለታል። ልጇ በዚህ መንገድ እየተማረ ነው። እኔ ግን 11ኛና 12ኛን ሳላያቸው አለፍኩ። የመምህር እጥረት ነበርና ሁለተኛ ደረጃ ተመደብኩ፤ እስከ ዛሬ ያልተማርኩትን ክፍል ልጆች ሲጠይቁኝ ማታ ማታ አንብቤ ነው የምመልሰው። እንደኔ ያለ መምህር በየቡና ከተማው ሞልቷል፣ ማፈር የለብንም።

የ10ኛ ክፍል ፈተና በ2011 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ፤ በ2012 ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ቀጥሎ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። 896,520 ተፈትነው 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 ከመቶ። ከዚያ ሪሚዲያል ተጀመረና ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንዲደግሙ ተደረገ። ኮሌጁን ወደ ሁለተኛ ደረጃ አወረድነው፣ ሁለተኛ ደረጃውን ወደ ኮሌጅ አወጣነው። ወደ ላይ የሄደው ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ታች የወረደው ወደ ላይ ወጣ። ይቺ ልጅ ግን ከመሐል ቆማለች።

ዩኒቨርሲቲው ለወደቀው በሩን ከከፈተ (መክፈቱም ተገቢ ነው)፣ ለቀደመችው በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ኮርስ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ምን ይጎዳዋል? ውጤት እንኳ አይስጣት። ዶርምና ምግብ አትፈልግም፣ ማታ ቤቷ ትገባለች። ጅማ ይህን ከ70 ዓመት በፊት ያለ ኢንተርኔት አድርጎታል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምትሠሩ ወዳጆቼ ይህን እንደምታነቡት አውቃለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እስከዚያው ግን ሞጁሉን እኔም አውርጄዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ አብረን እናነባለን ተባብለናል፤ ሁለት ጓደኞቿም እንመጣለን ብለዋል። የጋኪ ሸሮቾን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩላትም። ማታ እያነበብኩ ነው።