የቪዛ ጤና ቅድመ ክፍያ

በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃ ወይም በቋራ ለውጭ አገር ሥራ የተነሳ ሰው «ለጤና ስንት ከፈልክ?» ቢባል መልሱ እንደ መንገዱ ይለያያል። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት የተከተበበትን ይናገራል። ሌላዋ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ለዓረብ አገር «ሜዲካል» ያደረገችበትን ትቆጥራለች። ሌላው ደላላው «የኢንሹራንስ ነው» ብሎ የተቀበለውን ይጠቅሳል። ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄዱት ደግሞ አንድ ሌላ ስም ያነሳሉ፤ ኢሚግሬሽን ሄልዝ ሰርቻርጅ።

አራቱም በአፍ «የጤና» ይባላሉ። ገንዘቡን የሚቀበለው አካል፣ የሚያዝበት ሕግና ከፋዩ ግን የተለያየ ነው። ስማቸው አንድ ሆኖ በቆየ ቁጥር የአንዱን ክፍያ በሌላው ስም መጠየቅ ቀላል ይሆናል። ስለዚህ አራተኛውን፣ አዲሱን፣ ለይተን እናብራራ፤ የአማርኛ ስምም እናውጣለት።

ትርጉሙና ስያሜው

ይህ ክፍያ ወደ ብሪታንያ ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ቪዛ የሚያመለክት የውጭ አገር ዜጋ፣ የአገሪቱን የሕዝብ ጤና አገልግሎት ለመጠቀም ከማመልከቻው ጋር አስቀድሞ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ከቪዛ ማመልከቻው ዋጋ በላይ የሚታሰብ ሌላ ሒሳብ ነው። አመልካቹ ካልከፈለ ማመልከቻው አይታይለትም።

ቃል በቃል «የኢሚግሬሽን የጤና ተጨማሪ ክፍያ» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን «ተጨማሪ ክፍያ» በእኛ ጆሮ ጉዳይ አስፈጻሚ ከደረሰኝ ውጭ የሚጠይቀውን ገንዘብ ያስመስለዋል። «የጤና መድን» ብንለውም አይሆንም። መድን ውል አለው፤ ድርጅቱ በገባው ውል መሠረት ካሳ ይከፍላል። እዚህ ግን ውልም የመድን ድርጅትም የለም፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለመንግሥት ይገባል። በመሆኑም «የቪዛ ጤና ቅድመ ክፍያ» የሚለውን እናቀርባለን። ከምን ጋር እንደተያያዘ፣ ለምን እንደሚከፈልና መቼ እንደሚከፈል በአንድ ላይ ይናገራል። ማሳጠር ለፈለገ «የጤና ቅድመ ክፍያ» ይበቃል።

ለአማራ ክልል አንባቢ ቅርቡ ምሳሌ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ከክልሉ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። እዚያም ሰው ሳይታመም ይከፍላል፤ ሲታመም ካርዱን ይዞ ይታከማል። ልዩነቱ ሁለት ነው። የእኛው በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፈላል፤ የብሪታንያው ግን በእያንዳንዱ ሰው ይታሰባል፣ የቪዛው ዘመን በሙሉም በአንድ ጊዜ ይከፈላል።

አመጣጡና መጠኑ

ክፍያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የብሪታንያ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ መሰብሰብ የጀመረው ሚያዝያ 6 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) ነው። መነሻው ለአዋቂ በዓመት 200 ፓውንድ፣ ለተማሪ 150 ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 እጥፍ ሆኖ 400 ገባ። በጥቅምት 2020 ወደ 624 ከፍ አለ። ከየካቲት 6 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ለአዋቂ 1,035፣ ለተማሪዎችና ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች 776 ፓውንድ ሆኗል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአምስት እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

መንግሥት የሚሰጠው ምክንያት መጤው የሚጠቀምበትን አገልግሎት ወጪ ይጋራ የሚል ነው። ተቃዋሚዎች ሠራተኛው ከደመወዙ የገቢ ግብርና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ እየተቆረጠበት በዚህ ላይ ይህንን መክፈሉ ለአንድ ሕክምና ሁለት ጊዜ መክፈል ነው ይላሉ። የመጨረሻው ጭማሪ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ሲታወጅ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ለመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ገንዘብ መፈለጊያ አድርገው አቅርበውት ነበር። ክፍያው «ጤና» የሚል ስም ቢይዝም ጠባዩ ወደ ግብር የሚያደላው ለዚህ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የሦስት ዓመት የሥራ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው 3 ጊዜ 1,035፣ በጠቅላላው 3,105 ፓውንድ ይከፍላል። ባለቤቱንና አንድ ልጁን ይዞ ከሆነ የባለቤቱ ያው 3,105፣ የልጁ 2,328 ይታከልና 8,538 ፓውንድ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይገኝ የሚወጣ ነው። ዓመቱ ሙሉ ካልሆነ ትርፉ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ከሆነ የግማሽ ዓመት፣ ከዚያ ካለፈ የሙሉ ዓመት ይታሰባል። 16 ወር የሚቆይ ቪዛ የሚጠይቅ የማስተርስ ተማሪ ስለዚህ 776 እና 388 ተደምሮ 1,164 ፓውንድ ይጠበቅበታል። አሠሪው ይህንን ክፍያ ለሠራተኛው ሊሸፍንለት ይችላል፤ የሚያስገድደው ሕግ ግን የለም። የሥራ ውል ከመፈረም በፊት መነጋገር የሚገባው ለዚህ ነው።

ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ሰውየው ሐኪም ዘንድና ሆስፒታል እንደ አገሩ ነዋሪ ይታከማል። ሁሉም ነገር ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። በእንግሊዝ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የጥርስ ሕክምናና የዓይን ምርመራ ለብቻቸው ያስከፍላሉ።

ቪዛው ከተከለከለ፣ አመልካቹ ውሳኔ ሳይሰጥ ማመልከቻውን ካነሳ ወይም በስህተት ሁለት ጊዜ ከከፈለ ገንዘቡ ይመለሳል። ቪዛው ተሰጥቶ ሳይሄድ ከቀረ ወይም ሄዶ ቀኑ ሳያልቅ ከተመለሰ ግን አይመለስም። ክፍያው የሚፈጸመው በብሪታንያ መንግሥት የመስመር ላይ ሥርዓት በኩል ነው፤ ተመላሹም በተከፈለበት መንገድ ይመለሳል። የከፈለው ደላላው በራሱ ካርድ ከሆነ ተመላሹ የሚገባው ወደ ደላላው ነው።

ነርሶችን የሚመለከት

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በገንዳ ውኃና በመተማ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ነርሶችና አዋላጆች ይህንን ክፍል ቢያነቡት ይጠቅማል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የውጭ አገር ነርሶችና ሐኪሞች ለሚያገለግሉበት ሆስፒታል ራሳቸው መክፈላቸው ብዙ ተቃውሞ አስነሳ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ክፍያውን ሊያነሳላቸው ቃል ገባ፤ በነሐሴ የጀመረው የጤናና እንክብካቤ ሠራተኛ ቪዛ ባለቪዛውንም ቤተሰቡንም ከክፍያው ነፃ አደረገ። ስለዚህ በዚህ ቪዛ ለሚሄድ ነርስ «የጤና ቅድመ ክፍያ 3,105 ፓውንድ አምጣ» የሚል አገናኝ የሌለ ዕዳ እየጠየቀ ነው።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ካለባቸውና ባለሙያቸው ሊጠበቅላቸው ከሚገባ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። የብሪታንያ የቅጥር ደንብም በእነዚህ አገሮች ገብቶ ነርስና ሐኪም መመልመልን ይከለክላል። ነርሷ በራሷ ማመልከት ትችላለች፤ ወደ እርሷ መጥቶ «እንግሊዝ ልላክሽ» የሚል ኤጀንት ግን ሲጀመርም ደንቡን የጣሰ ነው።

ከሌሎቹ «የጤና» ክፍያዎች ጋር

የጤና ምርመራ ክፍያ ለክሊኒክ የሚከፈል ነው። ለባሕረ ሰላጤ አገሮች በኮንትራት የሚሄዱ ሰዎች በአገሮቹ የጋራ የጤና ምክር ቤት በታወቁ ክሊኒኮች ይመረመራሉ። ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ በራጅ የሚታይ የሳንባ ነቀርሳ፣ ወባ፣ ለሴቶች ደግሞ እርግዝና ይታያል። ውጤቱ «ፊት» ወይም «አንፊት» ነው። «አንፊት» የወጣለት ሰው ለምርመራው የከፈለው አገልግሎቱን ስላገኘበት አይመለስለትም። አዲስ አበባ ከመተማ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይርቃልና ወጪው የክሊኒኩ ብቻ አይደለም፤ የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡም አለበት። ወባ በበዛበት ቆላ የሚኖር፣ ወይም ሲያስል የከረመ ሰው፣ ከመነሳቱ በፊት በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ታይቶ ቢታከም ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ ከመሄድ ይድናል። ወደ ብሪታንያ ከስድስት ወር በላይ የሚሄድም ከጤና ቅድመ ክፍያው ሌላ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የክትባት ካርድ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው ነው። በመተማ በኩል ወደ ገላባት ሲሻገሩ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ መያዝ የቆየ ነገር ነው። ካርዱ ቀድሞ የሚያገለግለው ለአሥር ዓመት ነበር። ከሐምሌ 11 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት ለዕድሜ ልክ ይሠራል፤ የቆዩትም ካርዶች ጭምር። «ካርድህ ጊዜው አልፏል፣ ማሳደሻ ክፈል» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

የጤና መድን ለመድን ድርጅት የሚከፈል ሲሆን በባሕረ ሰላጤ አገሮች ከፋዩ አሠሪው ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የግል ድርጅት አሠሪ ሠራተኛውን የጤና መድን ማስገባት ግዴታው ነው፤ ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው ቤተሰብንም ይጨምራል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አቡ ዳቢና ዱባይ ቀደም ብለው የጀመሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሌሎቹ ኤምሬቶች ተስፋፍቷል። አሠሪው ለሠራተኛውም ለቤት ሠራተኛዋም መድን ካልገዛ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይታደስም። በእነዚህ ኤምሬቶች ሲጀመር መነሻው ፓኬጅ በዓመት 320 ድርሃም ነበር፤ ከሠራተኛው ደመወዝ መቁረጥ አይፈቀድም።

የእኛም ሕግ እንዲሁ ይላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጪውን ከፋፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ሽፋን የአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ማስረጃና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሠራተኛው ነው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በቁጥር 1246 ተሻሽሏልና ክፍያ የተጠየቀ ሰው ወቅታዊውን ዝርዝር ከወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ መልካም ነው።

ለቆላው ለምን ይጠቅማል

መተማ በሕጋዊ ቪዛ ከሚወጣው ይልቅ በእግር የሚወጣው የሚታወቅባት ከተማ ነች። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋው የሚያመጣቸው ወጣቶች ሥራው ሲያልቅ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች፣ ከዚያም ወደ ካርቱም፣ አንዳንዶቹም ወደ ሊቢያ ሲቀጥሉ ኖረዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ያው ድንበር ሸሽተው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንና ስደተኞች የሚገቡበት ሆነ። በእግር የሄደ ሰው የጤና ቅድመ ክፍያም መድንም የለውም። ቢታመም የሚያሳክመው አሠሪ፣ የሚጠይቀው ውል አይኖርም።

ያ መንገድ ሲጠብ ብዙዎች ወደ «ኮንትራቱ» ፊታቸውን ማዞራቸው አይቀርም። ኮንትራት ደግሞ ወረቀትና ክፍያ ይበዛበታል። ደላላ የሚጠቅሰው የክፍያ ስም እውነተኛ መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሰርቻርጁ በእርግጥ አለ፣ ግን የዱባይ ተጓዥን አይመለከትም። መድኑም በእርግጥ አለ፣ ግን የቤት ሠራተኛዋ አትከፍለውም። ስለዚህ «የጤና» ተብሎ ገንዘብ የተጠየቀ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው፤ ክሊኒክ፣ መድን ድርጅት ወይስ የሌላ አገር መንግሥት? በሕግ ከፋዩ እኔ ነኝ ወይስ አሠሪዬ? ቪዛው ቢቀር ገንዘቡ ይመለሳል፣ ለማንስ ይመለሳል? ደረሰኙ በራሱ ስም ካልተቆረጠና ለእነዚህ መልስ ካላገኘ ገንዘቡን አይስጥ።

አጠቃቀሙ በዓረፍተ ነገር

«ልጄ ለእንግሊዝ የሥራ ቪዛ ስታመለክት የሦስት ዓመት የጤና ቅድመ ክፍያ አሠሪዋ ሸፈነላት።»

«ቪዛው ስለተከለከለ የጤና ቅድመ ክፍያው ተመለሰልኝ፤ የማመልከቻው ዋጋ ግን ቀረ።»

«ለሳዑዲ የጤና ምርመራ እንጂ የጤና ቅድመ ክፍያ የለም፤ መድኑም የአሠሪሽ ነው።»